ሦስት ዓይነት ነጭ

የካቲት 4፣ ሰኞ

የሱቁን ኮርኒስ ዛሬ አወረዱት። አቧራው እስካሁን ጉሮሮዬ ውስጥ አለ። ታናሽ ወንድሜ መሰላሉ ሥር እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደ መሐንዲስ ወደ ላይ ሲያይ ዋለ። ሚስማር መምታት እንኳ አያውቅም። ሚስቱ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና መስታወቱ የት እንደሚሆን፣ ወንበሩ የት እንደሚሆን ታዛለች። ከተጋቡ ዐሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሙሽሪት ነው የምላት። ዕቃ ሳትነካ ማዘዝ የምታውቀው ሙሽራ ብቻ ናት።

ይህ ሁሉ እድሳት የመጣው ከመንገዱ ማዶ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ስለተከፈተ ነው። እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚያበራ ቤት። ሰው እዚያ የሚገባው ጨርቅ ሊገዛ ሳይሆን ራሱን በመስታወት ሊያይ ነው። ወንድሜ ግን እንቅልፍ አጣ። ሱቃችን ጨልሟል ይላል። በዕድሜው አንድ ነገር ቢያውቅ ይህን ነው። እውነትም ጨልሟል። ካቻምና እንዲህ አልነበረም። ፍሎረሰንቶቹ አርጅተዋል፤ ያጉረመርማሉ፣ ይርገበገባሉ፣ ብርሃናቸው ሻይ የተደፋበት ይመስላል። መብራቱ ይቀየር ብያለሁ። በሌላው ሁሉ እጄ የለበትም።

የካቲት 7

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጣ። ማብሪያ ማጥፊያው የት ይሁን ብለው ሲጠይቁት ስለ ብርሃን አፈጣጠር የሚያስተምር ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ፕሮፌሰር ብዬዋለሁ። ወንድሜም ወዲያው ስሙን ተቀበለኝ፤ የራሱ ቀልድ ስለሌለው በእኔ ነው የሚኖረው።

ፕሮፌሰሩ እንዳለው የእኛ ወፋፍራም ቱቦዎች ኤሌክትሪክ ይበላሉ እንጂ አያበሩም። ቀጫጭኖቹ ባላስት የሚባለው አዲሱ ማስነሻ ዕቃ ሲገጠምላቸው በትንሽ ኤሌክትሪክ ብዙ ያበራሉ፤ አይጮኹም፣ አይርገበገቡም፣ ቶሎም አይቃጠሉም። ከእነሱም ውስጥ ርካሽና ውድ አለ። ርካሹ ያበራል፤ ግን ቀዩን ቡናማ፣ አረንጓዴውን ግራጫ ያስመስለዋል። ሻል ያለው ቀለምን ወደ ፀሐይ አስጠግቶ ያሳያል። ለመጋዘን ቢሆን ርካሹን ውሰዱ እላችሁ ነበር፤ ለጨርቅ ሱቅ ግን ቀለም የሚዋሽ መብራት ኪሳራ ነው አለ። ወንድሜ ይህን ሁሉ በጽሞና አዳምጦ ሲያበቃ የትኛው እንደሚረክስ ጠየቀ።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ኃይለኛውን። ሰውዬው ብርሃን ሲበዛ ዓይን ይወጋል ብሎ ሌላ ትምህርት ሊጀምር ሲል፣ የእኔን ዓይን የሚወጋ መብራት ካለህ አሁኑኑ አምጣው አልኩት።

የካቲት 10

ጣቃዎቹን በሙሉ ወደ ኋላ ክፍል አጓጓዟቸው። ሱፉ ከሐር፣ ሽፎኑ ከመጋረጃ ጨርቅ ጋር ተዘባርቋል። ሲያልቅ እንደ አዲስ በሥርዓት እንደረድራለን ትላለች ሙሽሪት። ሥርዓትማ ነበረው። የፈለግሁትን ጨርቅ ቀና ብዬ ሳላይ አወጣ ነበር። እጄ ራሱ ሄዶ ያገኘው ነበር። አሁን የማንን እጅ ልጠይቅ ነው?

ደከመኝ። ይብቃኝ።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ቲያትር አየሁ።

ፕሮፌሰሩ ባዶው ሱቅ ውስጥ ሦስት ቱቦ ጎን ለጎን ሰቀለ፤ ርካሹን፣ መካከለኛውንና ውዱን። ሦስት ዓይነት ነጭ ነው አለን። ከዚያ አንድ ቀይ ሐር ይዞ በየተራ ከሥራቸው ዘረጋው። ወንድሜ ከርካሹ ሥር ሲያየው ቀዩ የታመመ ይመስላል አለ። ሙሽሪት ከመካከለኛው ሥር ስትደርስ ነፍስ ዘራ አለች፤ ቃሉን ከየት እንደሰማችው እንጃ። ከውዱ ሥር ደግሞ ሦስቱም አንገታቸውን አዘንብለው ቆዩና ከመካከለኛው የሚለየው በጥቂቱ ስለሆነ ለዚያች ጥቂት ብሎ መክሰር አያስፈልግም ተባባሉ። ፕሮፌሰሩም ራሱ መካከለኛውን ነው የሚመክረው፤ ዋጋውን በሁለት ዓመት ውስጥ ከኤሌክትሪክ ሂሳብ ይመልሳል ብሎ።

ከዚያ ሦስቱም ዞረው እኔን አዩ።

በየተራ ከሦስቱም ሥር ቆምኩ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሦስቱም አንድ ናቸው። ሰውዬው አንዱን ቱቦ በሦስት ካርቶን እየከተተ ነው የሚሸጠው። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። ወንድሜ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ሙሽሪት አልሳቀችም። ሐሩን እያጣጠፈች፣

"እትዬ፣ የእውነት ልዩነት አይታይሽም?" አለችኝ።

"ይታየኛል። የሚታየኝ ሌብነት ነው" አልኳት።

ሌላው አየሁ ሲል አየሁ የምትል ሴት። መካከለኛው ተመረጠ። እኔ ድምፄን ለማንም አልሰጠሁም።

የካቲት 20

ቀለም ቀቢዎች። ግድግዳው ነጭ ሆነ፤ ነጭ ግድግዳ ብርሃን ስለሚመልስ ጥቂት መብራት ይበቃል አለ ፕሮፌሰሩ። ወንድሜ ይህን እንደሰማ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ በላይ የታሰበውን መብራት ሰረዘ። ፊቱ የበራው ያኔ ነው፤ መብራት ሲሰርዝ። ልጣላው ፈልጌ ተውኩት። ጉልበት የለኝም።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

አበሩት። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ አፉን ከፈተ። ጫማ ሻጩ ለራሱ ሱቅም ፕሮፌሰሩን እንደሚፈልገው እዚያው ቆሞ ነገረው። የሰው ልጅ በአምፖል እንዲህ ይደሰታል ብዬ አላስብም ነበር።

እኔ ያየሁትን ልጻፍ። በእያንዳንዱ ቱቦ ዙሪያ ቀለበት አለ፤ ጉም ውስጥ የቆመ መኪና መብራት ነው የሚመስለው። ከሥሩ ያለው ነገር ሁሉ ሻሽ ተጋርዶበታል። ሽፋኖቹ ቆሽሸው መጥተዋል አልኩ። ወንድሜ መሰላል ወጥቶ አንድ በአንድ ወለወላቸው። ጨርቁን አሳየኝ፤ ንጹሕ ነው ይላል። ያን ሁሉ ጠርጎ ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ አልጠረገም ማለት ነው።

መጋቢት 4

ፕሮፌሰሩን እንደገና አስጠራሁት። መለኪያውን አወጣ፣ ሽቦውን ነካካ፣ ሁለት ቱቦ ፈትቶ መልሶ ገጠመ። "መብራቱ ደህና ነው፣ እትዬ" አለ። ይህን ሲል የሚያየው መብራቱን አልነበረም፤ እኔን ነው። ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ። ውጭ ስወጣስ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ውጭውን አንተ አልገጠምከውም፣ ምን አገባህ አልኩት።

ትንሽ ዕውቀት ያለው ሰው እንዲህ ነው፤ ሥራው ሲበላሽ ገዢውን ይመረምራል።

መጋቢት 8

ልብስ ሰፊዋ ክር መለሰች። ለወይን ጠጅ ጨርቅ ቡናማ ክር ሰጥተሽኛል ትላለች። ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት ሠርታ አንድ ቀን ክር መልሳ አታውቅም። አርጅታለች፤ ዓይኗን ትታይ። ነግሬያታለሁ። ቀና ብላ አየችኝና ሌላ ክር ራሷ መርጣ ሄደች። ድሮ እኔ ካልመረጥኩላት የማትሄድ ሴት።

ምናልባት ቃሌ ትንሽ ከረረ። ይሁን።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ከኋላ ክፍል ድምፅ ሰማሁ። ሙሽሪት ናት፤ እስከ መቼ ዝም ትላታለህ፣ አንድ ቀን ጉድ ይመጣል ትለዋለች። እሱ ደግሞ፣ "እሷ ናት ያሳደገችኝ፤ በየትኛው አፌ ልንገራት?" አለ።

ገባኝ። ከሱቁ ሊያስወጡኝ ነው። ግድግዳው ነጭ ሆነ፣ መብራቱ አዲስ ሆነ፣ የቀረው አሮጌ ዕቃ እኔ ነኝ። ለዚህ ነው እናታችን ስትሞት ትምህርቴን ትቼ ያሳደግሁት። አሁን ለሚስቱ ሹክሹክታ ጆሮ ሲሰጥ አያፍርም።  እንዳልሰማ ሆኜ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ትዕይንት፤ ሙሽሪት በየጣቃው ጫፍ ላይ ወረቀት ለጠፈች። በትልልቅ ፊደል፦ ጥቁር። ቀይ። ሰማያዊ። ውኃ ሰማያዊ። እንደ መዋዕለ ሕፃናት። ለደንበኛ እንዲመች ነው አለችኝ። ደንበኛ ጥቁርን ከሰማያዊ አይለይም?

መጋቢት 13

በማለዳ ቀድሜያቸው ገብቼ ወረቀቶቹን አንድ ሳላስቀር ገነጣጠልኳቸው። ሙሽሪት መጥታ ቅርጫቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ወስዳ ደፋችው። 

መጋቢት 17

የማዕዘኑ ፋርማሲ ባለቤት ትናንት በድንገት ሞተ። ደግ ሰው ነበር፤ ከዚህ መንገድ ደግ ብዬ የምጠራው እሱን ብቻ ነው። ሚስቱ ራሷ መጣች፣ ዓይኗ አብጦ። ለእሷና ለሁለቱ ሴት ልጆቿ ጥቁር ሱፍ፣ ልብስ ሰፊዋ እስከ ነገ እንድታደርስ። ሙሽሪት አልነበረችም። ጥሩውን ሱፍ በጣቴ ነው የማውቀው፤ ዳብሼ አወጣሁት፣ ለክቼ ቆረጥኩት። ሌላው ሻጭ ቢሆን በሐዘንተኛ ላይ ተራውን ጨርቅ ያራግፍ ነበር። እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

መጋቢት 19

ቀብር ዋልን። ሕዝቡ ብዙ ነው። ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች ሟቹን ትተው የልብስ ወሬ ያንሾካሹካሉ። አንዷ፣ በዚህ ቀን እንኳ፣ ስትል ሰማኋት። ሌላዋ፣ ልጆቹንም ጭምር፣ አለች። ጥሩ ሱፍ የለበሰ ሰው አይተው ነው የቀኑት። ዞር ብዬ ገላመጥኳቸው። መቃብር አፋፍ ላይ ቆሞ ሐሜት የማያቋርጥ አፍ!

መጋቢት 22

የፋርማሲው ሴትዮ መጣች። ከጨርቁ የተረፈውን ቁራጭ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

"ጥቁር ነበር ያልኩሽ" አለች።

ጥቁር ነው አልኳት። ወንድሜ ከወዲያ መጥቶ ቁራጩን አነሳና ወደ በሩ ወስዶ በብርሃን አየው። እሷ ድምፅዋን ሳትጨምር ነገረችን። ልብስ ሰፊዋ ሌሊቱን በጭላንጭል ሰፍታ አደረሰችው፤ ቤቷም በሐዘን ጭንቀት መካከል ማንም ልብ ብሎ አላየውም። ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ሆነ። የባሏ እህቶች ሰማያዊ ለብሳ ቀበረችው ብለው አኩርፈው ሄደዋል። ልጆቿም በአባታቸው ቀን ሰው ዓይን ውስጥ ገቡ።

"ካንቺ ሌላ ሱቅ ሄጄ አላውቅም" ብላ ወጣች።

መብራቱ ነው። ይኸው የፈራሁት መጣ! ቀለም አይዋሽም የተባለልን መብራት ሐዘንተኛ አዋረደ። ወዲያው ወጥቼ ለጫማ ሻጩ፣ ለፀጉር ቤቷ ባለቤት፣ ለመጻሕፍት መደብሩ ሰዎች ነገርኩ፤ ሰውዬው ቀማኛ ነው፣ ሱቃችሁን እንዳታስነኩት። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስመለስ ወንድሜን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ምን ያለቅሳል? የተዋረድኩት እኔ።

መጋቢት 25

ጫማ ሻጩ ፕሮፌሰሩን ተወው አሉ። የፀጉር ቤቷ ባለቤትም ልታሠራው አስባ ነበር፤ ተወችው። ደግ አደረጉ።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

ፕሮፌሰሩ ዛሬ ሳይጠራ መጣ። አልተሳደበም፤ ተሳድቦ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መሰላል የለ፣ ዕቃ የለ፣ ባዶ እጁን በሩ ላይ ቆመ።

"ሁለቱን የሱፍ ጣቃ፣ ጥቁሩንና ሰማያዊውን፣ ይዘው ውጭ ይውጡ፣ እትዬ። በፀሐይ ይዩዋቸው። ከለዩዋቸው መብራቴን ሁሉ ነቅዬ እወስዳለሁ" ብሎኝ ሄደ።

ድፍረቱ። ምሳ ሰዓት ወንድሜና ሙሽሪት እስኪወጡ ጠበቅሁ። አንዱን ጣቃ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አቅፌ ወጣሁ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። አስፋልቱ ያቃጥላል። ጫፋቸውን ዘርግቼ አየሁ። ወደ ዓይኔ አቀረብኩ፣ አራቅሁ፣ አንገቴን አዘነበልኩ፣ አንዱን ዓይን ጨፈንኩ። አላፊ አግዳሚው ዞሮኝ ያልፋል። ቆየሁ። የቀኙ ጥቁር ነው አልኩ። ከዚያ ግራው ነው አልኩ። ከዚያ የትኛውን በየትኛው እጄ እንደያዝኩ ጠፋብኝ።

ሁለቱም አንድ ነበሩ።

ሙሽሪት ከምሳ ስትመለስ እዚያው አገኘችኝ።  ከግራ ክንዴ ላይ ያለውን ጣቃ ተቀበለችኝና፣ "ጥቁሩ ይሄ ነው፣ እትዬ" አለችኝ። ሳቅ የለበትም፣ ድል የለበትም። እንደዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ማናገሯን ጠላሁት። ከወገቤ ይዛ አስገባችኝ። እንድትለቀኝ አልነገርኳትም።

መጋቢት 28

ያለፉትን ገጾች ላነብ ሞከርኩ። ፊደሉ ደበዘዘብኝ። ማንበብ የቻልኩትም በቂ ነው። ምን ዓይነት ሴት ናት ይህን የጻፈች?

መጋቢት 30

ጫማ ሻጩ ጋ ሄድኩ። የፕሮፌሰሩ መብራት ምንም የለበትም፣ የተበላሸው የእኔ ዓይን ነው አልኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፌ ለማውጣት ከቤት ጀምሬ ስለማመደው ነበር። ሰውዬው ጫማ እያጸዳ፣

"እሱንማ እናውቃለን፣ እትዬ" አለኝ።

ሁሉም ያውቅ ኖሯል። ልብስ ሰፊዋ፣ የፀጉር ቤቷ ባለቤት፣ ሁሉም። ታዲያ ፕሮፌሰሩን ለምን ተውከው አልኩት። አፈር ብሎ፣ ሌላ ሰው ርካሹን ቱቦ በግማሽ ዋጋ እንደገጠመለት ነገረኝ። የእኔ ስድብ ሰበብ ሆነው። ቀና ብዬ መብራቱን አየሁት፤ ለእኔ ያው ቀለበት ነው። ጫማዎቹ ግን የሬሳ ቆዳ እንደሚመስሉ ሙሽሪት ነግራኛለች፤ ዛሬ ቃሏን አምኜዋለሁ። እኔ ምላሴን ሰጠሁት፣ እሱ አተረፈበት። ይህን ሰው ከራሴ አስበልጬ ልንቀው ሞክሬ አልቻልኩም።

ሚያዝያ 6

ዓይን ሐኪም ጋ ሄድን። ልጅ እግር ናት፤ ካየችኝ ጀምሮ "እማማ" ትለኛለች። ሞራ ነው አለች፣ በሁለቱም ዓይን፤ ከዓመት በላይ ሲበስል ቆይቷል። ቀለም ቀስ በቀስ ስለሚጠፋ ሰው አይታወቀውም፣ መብራቱ የደከመ ነው የሚመስለው አለችኝ። ይህን ስትል ወንድሜ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ለምን ቀድመው አልመጡም ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። እንደሚታየው፣ ዛሬም እዋሻለሁ።

ሚያዝያ 13

ቀኝ ዓይኔን ትናንት ሠሩት። ፋሻው ዛሬ ተነሣ።

መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሟን ጋውን ነው። ነጭ ነው። እንዲህ ያለ ነጭ መኖሩን ረስቼው ነበር። እስካሁን ያየሁት ነጭ ሁሉ ቢጫ ኖሯል።

ከዚያ ሱቅ ገባሁ። መብራቱ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለበት የለ፣ ጉም የለ። ወንድሜ ሸብቷል፤ መቼ እንደሸበተ አላውቅም። የሙሽሪት ዓይን ሥር ጠቁሯል፣ እጇ በመቀስ ተቆራርጧል። ጣቃዎቹን ብቻዋን የደረደረችው እሷ ናት። እኔ ጥጉ ላይ የምቀመጥበት ወንበር እንዴት እንደቆሸሸ ደግሞ አየሁ፤ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ሰማያዊውን ጣቃ አወጣሁት። ሰማያዊ ነው። ሕፃን የማይስተው ሰማያዊ።

ሚያዝያ 15

ፕሮፌሰሩን አስጠራን። ከመቁረጫ ጠረጴዛው በላይ የተሰረዘውን መብራት ሊገጥም መጣ። ይቅርታ አልኩት፤ ጫማ ሻጩ ፊት ሳይቀር ተናግሬያለሁ አልኩት። እሺ አለ። መሰላሉን ወጣ፣ ገጠመ፣ አበራ፣ ወረደ። አንድ አምፖል ጠይቀውት የብርሃንን ታሪክ ሙሉ ይነግር የነበረ ሰው ስለዚህኛው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የትኛው ቱቦ እንደሆነ እኔው ጠየቅሁት። "መካከለኛው ነው" አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እንዲያወራልኝ ፈልጌ ነበር። ሙሉ ቀን ቢያወራ እሰማው ነበር።

ሚያዝያ 18

ጥቁር ሱፍ ቆረጥኩ፤ ለሦስቱም። ሙሽሪት አብሬሽ ልምጣ አለችኝ፣ እንቢ አልኳት። ወደ ፋርማሲው ሴትዮ ቤት ብቻዬን ሄድኩ።

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ቤቱ ውስጥ የቀለም ሽታ አለ፤ ምድጃ ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል። ሦስቱም ልብሶች ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥተው ይንጠባጠባሉ። ቀቅላ አጥቁራቸዋለች፤ መሬቱ ላይ ጥቁር ኩሬ ሠርተዋል። የያዝኩትን ጥቅል አየችው፣ ልብሶቹን አየቻቸው።

"አንድ ሱፍ ሁለቴ አላሰፋም። ግቢ፣ ተቀመጪ" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ሻይ አቀረበችልኝ። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ እጇን አየሁት። ቀለሙ ከጣቷ ጫፍ እስከ አንጓዋ ወጥቷል፤ ጥፍሮቿ ሥር ገብቷል፣ በመዳፏ መስመሮች ውስጥ ፈስሷል፣ ስትፈትገው ከቀላው ቆዳዋ ላይ እንኳ አልለቀቀም።

ጥቁር ነበር። በደንብ ታየኝ።